ነገ ሰው እጠራለሁ ያላችሁት ቀዳዳ

የድሬዳዋ ሰው በሙቀቱ ወራት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚታጠብ ለድሬ ሰው አይነገርም። ጠዋት ከቤት ሳይወጣ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ሸሽቶ ሲገባ፣ ማታ ጋደም ከማለቱ በፊት። ቀኑን የምንሻገረው በውሃ ነው። ታዲያ ይህን ያህል በምንወደው ቦታ የሳሙናው ውሃ አልወርድ ብሎ ቁርጭምጭሚት ሲደርስ ምን እናደርጋለን? አንዱን እግር አንስተን እናለቀልቃለን፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያም በጣት ጫፍ ዘልለን እንወጣለን። ፎጣውን እያነሳን «ነገ ሰው እጠራለሁ» እንላለን። ነገ ውሃው በፈረቃ ይጠፋል፣ ችግሩም አብሮት ይረሳል። ውሃው ሲመለስ እሱም ይመለሳል።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። የመታጠቢያ ቤታችን ውሃ ግን እያሳሳቀ ይቆማል። መጀመሪያ ትንሽ ይዘገያል፤ አናስተውለውም። ሰንበት ብሎ ታጥበን ስንጨርስ ግማሹ እዚያው ይጠብቀናል፤ እኛ ደግሞ ቶሎ ቶሎ መታጠብ እንለምዳለን። በመጨረሻ እንግዳ ሲመጣ «ውሃው ትንሽ ቀስ ይላል፣ አይዞህ» ብለን ማስጠንቀቅ እንጀምራለን። ልብ በሉ፤ ቀዳዳውን ከመክፈት ይልቅ ለእንግዳ መግለጫ መስጠት ቀለለን! የሰው ልጅ የሚለምደው ነገር ብዛቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ዛሬ ግን ደስ የሚል ወሬ ይዤ ነው የመጣሁት። በቤታችን ካሉት ችግሮች መካከል ከቁርስ በኋላ ተጀምረው ከምሳ በፊት የሚያልቁት ጥቂት ናቸው። ይሄ ከእነሱ አንዱ ነው። ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ ጉልበትም እምብዛም አይፈልግም። የሚፈልገው መክደኛውን አንስቶ ማየት ነው። ሌሎች አነቃቂዎች ተራራ ውጡ ይሏችኋል። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብታችሁ ተንበርከኩ ነው የምላችሁ።

ከዚያ በፊት ግን ራሳችሁን አትውቀሱ። የድሬ ቧንቧ የሚደፈንበት የራሱ ምክንያት አለው፤ እሱም ከእግራችን በታች ነው። ከተማችን የምትጠጣው ከከርሰ ምድር የሚሳብ ውሃ ነው፤ የሳቢያን ጉድጓዶች የታወቁ ናቸው። ይህ ውሃ እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በኖራ ድንጋይ መካከል ሲያልፍ ካልሲየም እየሟሟበት ይመጣል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተተከለው የሲሚንቶ ፋብሪካችን ሲፈጨው የኖረውም ይኸው የኖራ ድንጋይ ነው። አገሩ ሁሉ እሱ ነው። የሻይ ማፍያችሁ ሆድ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት፣ የሻወሩን ራስ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ የሚዘጋው ነጭ ነገር፣ ሁሉም ከዚያ የመጣ ነው።

ካልሲየም ያለበት ውሃ ከሳሙና ጋር ሲገናኝ አረፋ ከመሆን ይልቅ ግራጫ ዝቃጭ ይሆናል። ሳሙናው አረፋ አልሰጥ ሲለን ደግመን ደግመን እንቀባለን፤ ዝቃጩም በዚያው ልክ ይበዛል። በመታጠቢያ ገንዳው ግድግዳ ዙሪያ ቀለበት ሠርቶ የሚቀረው እሱ ነው። በዚህ ላይ ጸጉር ሲጨመርበት አስቡት። ጸጉሩ መረብ ይዘረጋል፣ የሳሙናው ዝቃጭ ያጣብቀዋል። እሱም አይበቃም። ፊትና ጸጉር ላይ የሚቀባው ቀሲል የቅጠል ዱቄት ነው፤ ሂናም እንዲሁ። ታጥበው ሲወርዱ አይሟሙም፤ ቧንቧው ውስጥ ዘቅጠው ይቀመጣሉ። ጸጉር የተቀባ ቅቤ በሙቅ ውሃ ይቀልጥና ቧንቧው ውስጥ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይረጋል። የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ የመጣ እግር ምን ይዞ እንደሚገባ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ አሸዋ ነው። እንግዲህ ውበታችንም፣ መሬታችንም፣ ውሃችንም ተባብረው የሠሩት ነገር ነው፤ የእናንተ ስንፍና ድርሻው ትንሽ ነው።

አሁን ነገሩ የት እንደሚቀመጥ እንወቅ። ከገንዳው ሥር ያለው ቧንቧ ወዲያው ወደ ታች ጠምዘዝ ብሎ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ይህ ጥምዝ ሲፎን የምንለው ነው። ጥምዙ ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ይቆማል፤ ያ ውሃ ከጉድጓዱ የሚመጣውን ሽታ ያግዳል። እ.ኤ.አ. በ1775 ከመጸዳጃ ሥር እንዲህ ያለ ጥምዝ ያለበትን ሥራ በስሙ ያስመዘገበው አሌክሳንደር ከሚንግ ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ ነበር። የትንንሽ ጥርሶችና ሞላዎች ባለሙያ ነው እንግዲህ ሽታን ከቤት ያስቀረው! ሽታ የሚያግደው ይኸው ጥምዝ ግን የሚወርደውን ሁሉ ሲቀበል ይውላል። ስለዚህ የሚዘጋው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ አገር አይደለም፤ ከመክደኛው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቁጭ ብሏል። የምትፈሩት ነገር በክንዳችሁ ልክ ነው ማለት ነው።

አንዳንዱ ሰው ይህን ሥራ የሚፈራው ስለማያውቀው ነው፣ አንዳንዱ ስለሚጸየፈው፣ አንዳንዱ ደግሞ «የባለሙያ ነው» ስለሚል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እረዳለሁ። ሦስተኛውን በድሬ ልጅ አፍ ስሰማው ግን ፈገግ እላለሁ። ይህች ከተማ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው። የምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ሠራተኞች ያረጀ ሞተር ፈትተው ሲገጥሙ፣ መለዋወጫ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ሳይጠብቁ ብረት ሲቀርጹ የኖሩ ሰዎች ናቸው። በየሰፈሩ ከእነሱ እጅ ሥራ የለመደ ሰው አለ። የባቡር ሞተር በተፈታበት ከተማ የገላ መታጠቢያ ወንፊት መፍታት አያቅተንም። የወንድ ሥራ ነው የሚለውንም አቦ ተዉት፤ ካቻቪቴ የያዛትን እጅ አትመርጥም።

እንግዲያው ቅዳሜ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ሽርጥ ወይም ያረጀ ቀሚስ ታጥቃችሁ ጀምሩ። ጓንት፣ የእጅ ባትሪ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ባልዲ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ቁራጭ ጨርቅ ይበቃል። ከዚህ ሌላ አንድ ነገር እንድትፈልጉ እመክራለሁ፤ የቴሌቪዥንና የፍሪጅ ካርቶን የሚታሰርበትን ያንን ጠፍጣፋና ጠንካራ ፕላስቲክ። ታይዋን ገበያ ካርቶን በሚፈታበት ደጃፍ ሁሉ ወድቆ ታገኙታላችሁ፤ ዋጋው ጎንበስ ማለት ነው። ክንድ ተኩል ያህል ቁረጡና ከጫፉ ጀምሮ ጠርዙን በመቀስ ሰያፍ ሰያፍ አድርጋችሁ ሸንትሩት፤ ጥርሶቹ ወደ እጃችሁ እንዲያዩ። ሲገባ በቀላሉ ይገባል፣ ሲወጣ ጸጉሩን እየነከሰ ይወጣል። ይህ ካልተገኘ የልብስ መስቀያ ሽቦ ዘርግታችሁ ጫፉን በፒንሳ ትንሽ ማጠፍ ነው። ሽቦ ግን የገንዳውን ቀለም ይጭራል፤ ስለዚህ ፕላስቲኩን አስቀድማለሁ።

እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት የቤቱን ሌሎች ቀዳዳዎች ተዘዋውራችሁ እዩ። እጅ መታጠቢያው በደንብ ይወርዳል? መጸዳጃውስ? እነሱ ደህና ሆነው ገንዳው ብቻ ካስቸገረ መዘጋቱ ቅርብ ነው፤ የእናንተ ሥራ ነው። ሁሉም አብረው ከዘገዩ፣ ወይም መጸዳጃው ሲለቀቅ ገንዳው ውስጥ ውሃ ከተንቦጫረቀ፣ ነገሩ ዋናው መስመር ላይ ወይም ጉድጓዱ ላይ ነው። ወደዚያ በኋላ እመለሳለሁ።

የቆመውን ውሃ በጆግ ቅዱና ወደ ባልዲ መልሱት። ወንፊቱን የያዘችውን ቡሎን ፍቱ፤ ኖራ ከያዛት አቼቶ የነከረ ጨርቅ ለጥቂት ጊዜ አስቀምጡባት፣ ኖራውን ያላላዋል። ገንዳ የሌለው ቤት፣ ማለትም አብዛኞቻችን፣ ወለሉ ላይ ያለውን ወንፊት ያነሳል። እዚያ ሥር ብዙ ጊዜ የተደፋ ኩባያ የሚመስል ነገር ተቀምጧል፤ የወለሉ ሲፎን እሱ ነው። ቀስ ብላችሁ አውጡት፣ በጥርስ ብሩሹ ፈትጉት፣ ግን አትጣሉት። «አስቸገረኝ» ብሎ አውጥቶ የጣለው ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከበረሮና ከሽታ ጋር ይኖራል።

አሁን ባትሪውን አብርታችሁ ተመልከቱ። ልጆች ካሉ ባትሪ መያዙን ለእነሱ ስጧቸው፤ ከእናንተ በላይ ይጓጓሉ። ፕላስቲኩን ቀስ እያደረጋችሁ አስገቡ፣ ሲይዝ አዙሩት፣ ከዚያ ሳትጣደፉ ሳቡ። የሚወጣው ነገር አያምርም። ጥቁር፣ ረጅም፣ የሚያንሸራትት፣ ሽታውም የሚያስነጥስ ነው። ጮክ ብላችሁ መጮህ ትችላላችሁ፤ ቤቱ የእናንተ ነው። ነገር ግን ደህና አድርጋችሁ እዩት። ለወራት ጠዋታችሁን ሲያበላሽ፣ እንግዳ ፊት ሲያሳፍራችሁ የነበረው ይኸው ነው፤ ጸጉርና ሳሙና። ሌላ የተደበቀ ጭራቅ አልነበረም። ደጋግማችሁ አስገቡ፤ አንዴ ብዙ ስለወጣ አለቀ አይባልም። ያወጣችሁትን በፌስታል ቋጥራችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉ፣ መጸዳጃ ውስጥ አይደለም። መጸዳጃ ውስጥ ከጣላችሁት ችግሩን ወደሚቀጥለው ክፍል አዛወራችሁት እንጂ አልፈታችሁትም።

ጸጉሩ ወጥቶም ውሃው ገና ከለገመ እጀታ ያለውን ጎማ አምጡ። ስሙን ካጣችሁት ሱቅ ገብታችሁ በእጃችሁ ወደ ላይና ወደ ታች አሳዩ፤ ሳይስቁ አይሸጡላችሁም፣ ግን ይገባቸዋል። ብዙ ሰው በዚህ መሣሪያ ተስፋ የሚቆርጠው አንዲት ነገር ስለሚዘነጋ ነው። ገንዳው ከላይ በኩል ሌላ ቀዳዳ አለው፤ ውሃ ሞልቶ እንዳይፈስ የተሠራ። እሱ ክፍት ከሆነ የምትገፉት አየር ሁሉ በዚያ ያመልጣል፣ እናንተ ላብ ብቻ ትሆናላችሁ። እርጥብ ጨርቅ አጥብቃችሁ ጎስጉሱበት። ከዚያ ጎማውን የሚሸፍን ያህል ውሃ ጨምሩ፣ የጎማውን ከንፈር ትንሽ ቫዝሊን ቀቡት፣ ቀዳዳው ላይ ደፍታችሁ ግፉ፣ ሳቡ፣ ግፉ፣ ሳቡ። መሳቡ ከመግፋቱ አያንስም፤ የተጣበቀውን የሚያናውጠው ወዲያና ወዲህ ማለቱ ነው። ሲከፈት ታውቁታላችሁ፤ ድምፁ ራሱ ይነግራችኋል።

ስለ ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ የምትጠይቁኝ ትኖራላችሁ። ሶዳውን ጨምረን አቼቶ ስናፈስበት የሚነሳው አረፋ ልብ ያሞቃል፤ ሥራ እየተሠራ ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ሁለቱ እርስ በርሳቸው ተፋጅተው የሚቀረው ጨዋማ ውሃ ነው፤ አረፋው ቀለል ያለ ዝቃጭ ቢያንቀሳቅስ እንጂ ጸጉር አያሟሟም። አቼቶ ብቻውን፣ ወይም የሎሚ ጭማቂ፣ የኖራ ቅርፊት ላይ ይሠራል፤ ማታ አፍስሳችሁ ብታሳድሩት ለድሬ ውሃ ይጠቅማል። ሙቅ ውሃም ቅቤና ሳሙና ያቀልጣል፤ ግን የሚንተከተክ አይሁን። አሁን የሚገጠመው ቧንቧ በብዛት ፕላስቲክ ነው፤ የፈላ ውሃ ያለሰልሰዋል፣ መጋጠሚያውንም ያላላል።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። አሲድ፣ በተለይም የባትሪ አሲድ፣ መታጠቢያ ቀዳዳ ውስጥ አታፍስሱ። በረኪናን ከአሲድም ሆነ ከአቼቶ ጋር አታገናኙ፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ መታጠቢያ ቤቶቻችን ደግሞ መስኮታቸው ጠባብ ነው። ኮስቲክ ሶዳ ጸጉርም ቅባትም ይበላል፣ ግን ከውሃ ጋር ሲገናኝ በኃይል ይግላል፤ ዓይንና ቆዳም አይምርም። ከዚህ በፊት ከእነዚህ አንዱን አፍስሳችሁ ካልሠራ፣ ጎማውን አንስታችሁ አትምቱበት፤ ፊታችሁ ላይ ይረጫል። ሰው ከጠራችሁም ምን እንዳፈሰሳችሁ ሳትደብቁ ንገሩት፤ እጁን የሚያስገባው እሱ ነው።

ከተከፈተ በኋላ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ በጣም ቀላሉ ክፍል ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ቀዳዳው ላይ ቀጭን ወንፊት አስቀምጡና ታጥባችሁ ስትወጡ የያዘውን ጸጉር አንሱ። ጸጉራችሁን ከመታጠባችሁ በፊት አበጥሩት። የቀሲልና የሂና የመጀመሪያው እጣቢ በሳፋ ላይ ይሁንና ውሃው ለግቢው ዛፍ ይፍሰስ። አሸዋ የያዘ እግር ደጅ ላይ ይታጠብ። ለብ ከማለት ያለፈ ሙቅ ውሃ በየሳምንቱ አንድ ባልዲ ብትለቁበት የረጋው ቅባት አይደራረብም።

አንድ ለእኛ ከተማ የተለየ ነገር ደግሞ አለ። ውሃ ለቀናት ሲጠፋና ሙቀቱ ሲበረታ፣ ሲፎኑ ውስጥ የቆመው ውሃ ተንኖ ያልቃል። ያኔ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል፣ በረሮውም መንገድ ያገኛል። ብዙ ሰው ቧንቧ ተሰብሮ ይመስለዋል። መድኃኒቱ ከበርሜሉ አንድ ጆግ ውሃ ማፍሰስ ነው፤ የተጣራ መሆንም የለበትም፣ ሰሃን የታለቀለቀበት ይበቃል። ለረጅም ጊዜ ወደ ዘመድ የምትሄዱ ከሆነ ከውሃው በላይ ጥቂት የምግብ ዘይት ጠብ አድርጉበት፤ መትነኑን ያዘገየዋል።

ሁሉም ቀዳዳ አብሮ ከዘገየ ያልኩት ቀርቶብኛል። የብዙዎቻችን ፍሳሽ የሚሄደው በግቢያችን ወዳለ ጉድጓድ ወይም ሴፕቲክ ታንክ ነው። እሱ ሲሞላ መታጠቢያውን ብትጎረጉሩት ለውጥ የለም፤ የመምጠጫ መኪና መጥራት ነው። ክዳኑን አንስቶ ሙላቱን ከሩቅ ማየት ይቻላል፣ መግባት ግን ፈጽሞ አይቻልም። እዚያ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ ሰውን በጥቂት ትንፋሽ ይጥላል፤ የወደቀውን ለማውጣት ተከትሎ የሚገባውንም እንዲሁ። ጎበዝ የሚባለው እዚህ ላይ የማይገባው ነው። ባለሙያ ሲመጣም አብራችሁት ቁሙ፣ የት ጋ እንደከፈተ፣ መስመሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ ጠይቁት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግማሹን ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ገንዳው ተመለሱና ፈትሹት። ጨርቁን ከላይኛው ቀዳዳ አውጡ፣ ወንፊቱን በቦታው እሰሩ፣ ባልዲ ላይ የቀዳችሁትን ውሃ በአንድ ጊዜ ድፉት። መሃል ላይ አዙሪት ሠርቶ ከወረደ ሠርታችኋል። ጓንቱን ግን ገና አታውልቁት፤ እግረ መንገዳችሁን የእጅ መታጠቢያውንም እዩት። የእጅ መታጠቢያው ሲፎን ከገንዳው ይቀላል፤ ብዙ ጊዜ ያለ መፍቻ በእጅ ይዞራል። ባልዲውን ከሥሩ አድርጉና ወደ ግራ አዙሩት።